ግብሩ በግማሽ ሲቀነስ ጉድለቱን ማን ይሸከማል?

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ ያሉ ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲላላኩት የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ሒሳባቸውን የምሠራላቸው ሰዎችም ልከውልኝ ምን እንደምል ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ብመልስ ይሻላል ብያለሁ።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ ከ15 በመቶ ወደ 7.5፣ የድርጅቶች የትርፍ ግብርም ከ30 በመቶ ወደ 15 ይውረድ ይላሉ ጸሐፊው። ተመኑ ሲወርድ ተደብቆ የሚነግደው ወደ ሕጋዊው መስመር ይመጣል፣ ንግድ ይስፋፋል፣ የመንግሥት ገቢም በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል፤ ማስረጃቸው ጆርጂያ ናት። እስኪጨምር ድረስ የሚታየው ጉድለት በብድር ይሸፈን፤ የጃፓን ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ እጥፍ በላይ ሆኖ ምን ሆነች? ብለው ይጠይቃሉ። የመንግሥት ወጪ አብዛኛው ብክነት ስለሆነ ቢቆረጥ ሕዝቡ የሚያጣው ነገር የለም ይላሉ። በመጨረሻም ግብር ሲቀንስ የገበያ ዋጋ እንደሚወርድ ቃል ይገባሉ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ የነጋዴውንም ብሶት ከብዙዎቻችን በተሻለ ገልጾታል። የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብንከተለው መጀመሪያ የሚጎዳው ጽሑፉን የሚላላከው ሰው ራሱ ነው።

ከሚያስማማን ልጀምር። ግብር የሚከፍለው ሰው ተጎድቷል፤ ጸሐፊው ካሉትም በላይ ተጎድቷል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 35 በመቶ የሚቆርጠው በወር ከ10,900 ብር በላይ ካለው ገቢ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። በደብረ ብርሃን ያን ያህል ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር። እርከኖቹ፣ ማለትም የግብር ተመኑ ከፍ የሚልባቸው የገቢ ደረጃዎች፣ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ሳይነኩ ቆዩ፤ ኑሮ ግን በየዓመቱ ናረ። ለዳቦና ለቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃ የደመወዝ ጭማሪ ያገኘ ሠራተኛ፣ ጭማሪው ቀድሞ ለባለጸጋ ወደ ተሠራው እርከን አወጣው። በ2017 ሐምሌ አዋጁ ሲሻሻል 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ካለው ላይ እንዲቆረጥ ተደረገ። ይህ በጊዜው ምንዛሬ 100 ዶላር ገደማ ነው። በዋጋ ንረቱ ብቻ፣ ማንም ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ማንም ሚኒስትር ሳያስረዳው በሠራተኛው ላይ ግብር ተጨመረበት ማለት ነው። ይህ ሊያስቆጣን ይገባል፤ እኔንም ያስቆጣኛል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ማሻሻያው የቀነሰውንም እንቁጠር። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በቀድሞው ሕግ 935 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 700 ነው። 10,000 ብር የሚያገኘው ከ2,045 ወደ 1,650 ወርዶለታል። ቅናሽ ነው፤ በዋጋ ንረቱ ከተወሰደበት ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው።

የነጋዴው ብሶትም እውነት ነው። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ቁጣ የተነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገማቹ ኮሚቴ ሱቁን ከውጭ አይቶ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ሲለው፣ ባለሱቁ የሚያስተባብልበት መዝገብ አልነበረውም። በ2017ቱ ማሻሻያ ደግሞ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ (ሽያጩ ከፍ ያለና የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት) ትርፍ ባያገኝም እንኳ ከሽያጩ 2.5 በመቶ እንዲከፍል የሚያደርግ ድንጋጌ ገብቷል። በጠባብ ትርፍ ብዙ ዕቃ ለሚያንቀሳቅስ የዘይትና የስኳር አከፋፋይ ይህ ከባድ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ይህ ድንጋጌ ቢሻሻል እኔም እደግፋለሁ።

እስካሁን የዘረዘርኩትን ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን አንዱም የቫት ተመን ጉዳይ አይደለም። ያልታደሰ እርከን፣ በጭፍን የተሠራ ግምት፣ ከትርፍ ይልቅ ሽያጭን የሚቆርጥ ድንጋጌ ነው። ቫቱ 7.5 ቢሆን ከእነዚህ አንዳቸውም አይነኩም።

ጸሐፊው የዘለሉት ሌላ ነገር አለ። የአገሪቱ የግብር ገቢ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቱ ጋር ሲነጻጸር በ2007 አካባቢ 12 በመቶ ገደማ ነበር። በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ወርዷል፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች አማካይ በእጅጉ ያነሰ ነው። ታዲያ በአገር ደረጃ ይህን ያህል ትንሽ የሆነ ግብር በአንድ የደብረ ብርሃን ሱቅ ላይ ለምን ይከብዳል? የሚከፍለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ደመወዙ እጁ ሳይገባ የሚቆረጥበት መምህር ይከፍላል። በዋናው አስፋልት ዳር የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ተክሎ የተቀመጠ ባለሱቅ ይከፍላል። ከጀርባው ያለ ደረሰኝ የሚያራግፈው አይከፍልም፤ ከቀረጥ ነፃ ብሎ ያስገባውን ዕቃ ገበያ ላይ የሚቸበችበውም አይከፍልም። ተመኑን ለሁሉም በግማሽ መቁረጥ የማይከፍለውን የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ከፋዩን ግን ከማይከፍለው ጋር ያለውን ልዩነት ሳያጠፋ ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጉድለት ደግሞ ያው ከፋይ ነው የሚጠየቀው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። ተመን ሲቀንስ ገቢ ይጨምራል የሚለው ሐሳብ የሚሠራበት ሁኔታ አለ። ተመኑ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ሰውን ከሥራ ያስወጣ እንደሆነ ሲቀንስ ሥራም ገቢም ይመለሳል። 15 በመቶ ቫት ግን እዚያ ደረጃ ላይ አይደለም፤ ጆርጂያ ራሷ የምታስከፍለው 18 ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ ነጋዴ በደረሰኝ 1 ሚሊየን ብር ሲሸጥ የሚሰበስበው ቫት 150,000 ብር ነው። በ7.5 በመቶ ይህንኑ ለማግኘት 2 ሚሊየን ብር በደረሰኝ መሸጥ አለበት። በአገሪቱ በደረሰኝ የሚካሄደው ንግድ በሙሉ እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው፤ ያውም ገቢው እንዲጨምር ሳይሆን ባለበት እንዲቆም።

እጥፍ ይሆናል? ብረትና ሲሚንቶ መሸጫ ገብታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ትባላላችሁ። ጸሐፊው ይህ ጥያቄ የሚመጣው 15 በመቶው ስለሚያስፈራ ነው ብለው ያስባሉ። በከፊል ነው። ደረሰኝ ከቫቱ በተጨማሪ ሽያጩን ይገልጣል፤ ሽያጩ ትርፉን ያሳያል፤ ትርፉ ደግሞ ለግለሰብ ነጋዴ እስከ 35 በመቶ የሚደርሰውን የገቢ ግብር ያስከትላል። በዚያ ላይ ዕቃውን ከመርካቶ ሲያመጣ አከፋፋዩ ያለ ደረሰኝ ሸጦለት ከሆነ፣ የገዛበትን ቫት ማቀናነስ አይችልም፤ የግዢ ወጪውንም ኦዲተር አይቀበለውም። እንዲህ ያለው ነጋዴ ቫቱ 7.5 ሆነም 15 ደረሰኝ ቢቆርጥ የሚከስረው እሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከላይ፣ ከአስመጪውና ከጅምላ አከፋፋዩ ነው። እዚያ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ደብረ ሲና ላይ ያለ ቸርቻሪ ቢፈልግም ሊቆርጥ አይችልም።

ስለ ጆርጂያ ጸሐፊው የጠቀሱት ልክ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የጠቀሱት እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከ20 በላይ የነበሩትን የግብር ዓይነቶች ወደ ጥቂት ሰብስባለች፤ በ2005 12 በመቶ ወጥ የገቢ ግብር አውጃለች፤ ገቢዋም አድጓል። ቫቷ ግን የወረደው ከ20 ወደ 18 ነው እንጂ በግማሽ አይደለም። በዚያው ጊዜ በጉቦ የታወቀውን የትራፊክ ፖሊስ ኃይሏን በሙሉ አሰናብታ እንደ አዲስ አቋቁማለች፤ ጉምሩኳን አጽድታለች፤ ግብር የሚሰውሩ ባለሀብቶችን ከሳለች። ገቢዋ ያደገው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን ከተውነው ከጆርጂያ የተማርነው ነገር የለም።

በግማሽ የመቁረጥ ምሳሌ ከተፈለገ ስሪላንካ አለች፤ ጸሐፊው ስሟን አላነሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ጎታባያ ራጃፓክሳ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ቫትን ከ15 በመቶ ወደ 8 አወረዱ፤ ለቫት የመመዝገቢያውንም የሽያጭ መነሻ በብዙ እጥፍ ከፍ አደረጉት። ምክንያታቸው ልክ ጸሐፊው የሚሉት ነበር፤ ንግድ ይነቃቃል፣ ገቢው ይመለሳል። ገቢው ወረደ፤ አበዳሪዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ ማተም ያዘ። ሚያዝያ 2022 ላይ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አልችልም አለች። ነዳጅ ፍለጋ ሰው ቀንና ሌሊት ተሰለፈ፤ ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሸሹ። ጥፋቱ ሁሉ የግብር ቅናሹ ነው አልልም። ኮሮና ቱሪዝሟን ገድሎት ነበር፤ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ መከልከሏም እርሻዋን ጎድቶታል። ግን ያ ሁሉ ሲመጣባት መንግሥቷ እጁ ላይ ምንም አልነበረውም። በ2022 ቫቱን ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 15 መለሱት፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ 18 አደረሱት። በቅናሹ የተደሰተው ባለሱቅ ከአራት ዓመት በኋላ ከቀድሞው የበለጠ ግብር፣ በወደቀ ገንዘብ ከፈለ።

ዕዳ አያስፈራም የሚለውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። የጃፓን ዕዳ በየን ነው፤ አብዛኛው አበዳሪ ጃፓናዊ ነው፤ ከዕዳ ሰነዱ ግማሽ ያህሉ በራሷ ማዕከላዊ ባንክ እጅ ነው። እኛስ? ኢትዮጵያ በ2007 ታኅሣሥ ላይ 1 ቢሊየን ዶላር በዩሮ ቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች በሚሸጥ የዕዳ ሰነድ፣ ተበደረች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2016 ታኅሣሥ፣ 33 ሚሊየን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳትከፍል ቀረች። አንድ ትልቅ ባንክ ለአንድ ደንበኛ ሊያበድረው የሚችል ገንዘብ ነበር፤ አገር ግን አልከፈለችም። በ2016 ሐምሌ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ማንም አዲስ ብድር ሳይወስድ የዶላር ዕዳው በብር ሲቆጠር እጥፍ ወደ መሆኑ ተጠጋ። በዚያው ሰሞን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) 3.4 ቢሊየን ዶላር የአራት ዓመት ብድር ተገኘ፤ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር 8.4 ቢሊየን ዶላር ዕዳ እንዲሸጋሸግ ድርድር ተደረገ። የአበዳሪን በር እያንኳኳ ዕዳ አሸጋሽጉልኝ የሚል አገር ግብሩን በግማሽ ለመቁረጥ ሌላ ብድር አበድሩኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

"ዕዳችን ከምርታችን ጋር ሲተያይ ከብዙ አገር ያነሰ ነው" የሚለውም መከራከሪያ አያዋጣም። ዕዳ የሚከፈለው መንግሥት ከሰበሰበው ገንዘብና ካለው ዶላር ነው። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊየን ብር ነበር፤ ከዚህ 139 ቢሊየን ገደማው ለዕዳ ክፍያ ነው። ከሰባት ብር አንዱ ማለት ነው። ጉድለቱ ደግሞ 358 ቢሊየን ገደማ ነበር። ቫትን በግማሽ የቀነሰ ሰው በዚህ ጉድለት ላይ ነው የሚጨምረው።

የውጭው በር ከተዘጋ የአገር ውስጡ አለ ይባል ይሆናል። እሱንም አይተነዋል። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ በ2012 ተነሣ። በ2015 ደግሞ ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ መመሪያ ወጣ። የደብረ ብርሃን የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ባንክ ሄዶ "ብድር ቆሟል" ሲባል፣ እሱ ሊያገኘው ይችል የነበረው ገንዘብ መንግሥት ጋ ሄዷል ማለት ነው። ሌላው መንገድ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ እንዲያበድር ማድረግ ነበር። ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የዋጋ ንረት ያለ አዋጅና ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ግብር ነው። ይግባኝ የለውም፤ ነፃ የሚያደርገው መነሻ ገቢም የለውም። ከሁሉ በላይ የሚከፍሉት ጥሪታቸውን በብር የያዙ ናቸው፤ ጡረተኛው፣ የዕለት ሠራተኛው፣ በጓን ሸጣ ገንዘቡን ለልጇ ትምህርት ያስቀመጠች የመንዝ እናት።

ወጪው ሁሉ ብክነት ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ነው። ብክነት አለ፤ የመኪናው ብዛት፣ የስብሰባውና የአበሉ ብዛት፣ ተጀምሮ የቀረው ግንባታ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ጉዳይ አለ፤ ሰሜን ሸዋ ላይ የሚከፈለው ግብር ለማን ነው የሚገባው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችን የንግድ ትርፍና የሽያጭ ግብር፣ የክልሉንና የግል ድርጅት ሠራተኞችን የደመወዝ ግብር፣ የአርሶ አደሩን የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ለክልል ነው የሰጠው። የጉምሩክ ቀረጥ በአንቀጽ 96 የፌዴራሉ ነው። የውጭ ዕዳውም፣ ትልልቁ ፕሮጀክትም፣ ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሷቸው ወጪዎችም አብዛኞቹ የፌዴራል ናቸው።

የእነዋሪ ባለሱቅ ግብሩ ሲቀነስለት አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ወጪ አይነካም። የሚጎድለው የክልሉና የወረዳው ካዝና ነው። የወረዳ በጀት ተከፍቶ ቢታይ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ዳኛ። ከደመወዙ የተረፈችው ትንሽ ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለጠመኔ፣ ለሞተር ሳይክል ነዳጅ ትሆናለች። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። በጸሐፊው ሐሳብ ብንሄድ የተቆጡበት ወጪ እንዳለ ይቀጥላል፤ የሞላሌ ጤና ጣቢያ ግን ጓንት ያጣል።

በዚያ ላይ ይህ አካባቢ ዛሬ ከመንግሥት ወጪ የሚፈልገው ብዙ ነው። አጣዬ በ2013 ሚያዝያ ነድዳለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲናና ጣርማበር ድረስ መጥቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ከየቦታው የተፈናቀሉ ወገኖችን ለዓመታት ይዛ ኖራለች። የተቃጠለ ትምህርት ቤት በነጋዴ ኪስ በተረፈች 7.5 በመቶ አይሠራም፤ ነጋዴው ደግ ስላልሆነ ሳይሆን ትምህርት ቤት መሥራት የአንድ ሰው ሥራ ስላልሆነ ነው። ይልቅ የሚሆነውን እናውቀዋለን፤ ካዝናው ሲጎድል መዋጮ ይመጣል። ለመንገድ፣ ለጸጥታ፣ ለበዓል ዝግጅት እየተባለ በሱቁ በር የሚመጣ፣ ሕግ የማያውቀው፣ አቤቱታ የማይቀርብበት መዋጮ። ከተመን የበለጠ የሚያስመርረውም እሱ ነው።

የግብር እፎይታ ብቻውን ምን እንደሚሠራም ከደጃችን አለን። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ሲከፈት ለሚገቡ አምራቾች የዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ነበረላቸው፤ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ፋብሪካ ያላቸውን ሰዎች ምን ጎደላችሁ ብትሏቸው ግብር ይቀነስልን አይሏችሁም። መብራት ይቆራረጣል፣ ጥሬ ዕቃ ማስገቢያ ዶላር የለም፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል ይሏችኋል። እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ዋጋ ይወርዳል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ጤፍ ቫት የለበትም፤ ስንዴና ማሽላም እንደዚሁ። የምንጃር ጤፍ ያለ ቫት እየተሸጠ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በወቅቱና በመንገዱ ነው። ቫት በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ ቅናሹ በከፊል ለሸማቹ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። አስመጪው ጥቂት፣ ገዢው ብዙ በሆነበት ገበያ ግን ትልቁ ድርሻ የሚቀረው ከላይ ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። ድምፃቸው እንደሚሰማ አይተናል፤ ይህን ድምፅ የደመወዝና የንግድ ግብር እርከኖች በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር በሕግ እንዲስተካከሉ ለመጠየቅ ቢያውሉት ነገ አብሬያቸው እፈርማለሁ። ለማን ምን ያህል ቀረጥና ግብር እንደተማረለት በየዓመቱ በጀቱ ሲቀርብ ዝርዝሩ ለሕዝብ እንዲወጣ ቢጠይቁም እንዲሁ። የ2.5 በመቶው ድንጋጌ ለጅምላ አከፋፋዮች እንዲሻሻል፣ የግምት ቅሬታ በተወሰነ ቀን መልስ እንዲያገኝ፣ ደረሰኝ ቁጥጥሩ ከመርካቶ ጅምላ እንዲጀምር ማለትም ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ከፋዩን ያሳርፋሉ፤ ብድር አይጠይቁም።

በግማሽ ይቀነስ በሚለው ከጸኑ ደግሞ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሁለት ዝርዝር ያስፈልጋል፦ ከፌዴራሉ በጀት የትኞቹ ርዕሶች በስንት ብር እንደሚሰረዙ፣ ከክልሉና ከወረዳው ደግሞ የትኞቹ የሥራ መደቦች እንደሚታጠፉ። በዚያ ዝርዝር ላይ፣ ርዕስ በርዕስ፣ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።